ድፍን ካልሆነ ዋጋ የለውም? ስለ ኖል ክሬዴንዛዎች የሚባለውና እውነታው

ክሬዴንዛ ዝቅና ረዘም ብሎ በቀጭን እግር የቆመ የቢሮ ቡፌ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የድሮ የቤት ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከሚሻሟቸው አንዱ ፍሎረንስ ኖል የነደፈችውና የኖል ኩባንያ ያመረተው ክሬዴንዛ ነው። ስለዚህ ዕቃ በገዢና በሻጭ መካከል ሲዘዋወሩ የኖሩ አባባሎች አሉ፤ እውነተኛው ከድፍን እንጨት የተሠራ ነው፣ የኩባንያው መለያ ከሌለው ሐሰተኛ ነው፣ ተፍቆ ቢታደስ ዋጋው ይጨምራል፣ ያረጀ ስለሆነ ሮዝዉድ የተባለውን እንጨቱን ሕግ አይነካውም ይባላል። አራቱም ትክክል አይደሉም። የሚመነጩትም ከአንድ የተሳሳተ እይታ ይመስለኛል። ሰብሳቢው ክሬዴንዛውን አንድ ጠራቢ በእጁ ሠርቶ ለልጅ ልጅ እንዳወረሰው ቅርስ አድርጎ ያየዋል። ዕቃው ግን ለመሥሪያ ቤት ታስቦ በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ነው። ይህን ይዞ የሚመረምር ሰው ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ፤ በደህና ጊዜ የደረሰ ዕቃም በማያውቅ እጅ ሳይበላሽ ይተርፋል።

ክሬዴንዛው ለምን እንደተፈጠረ ሳይታወቅ ስለ ዋጋው መናገር ከባድ ነው። ፍሎረንስ ሹስት በ1917 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በሚሺጋን ግዛት በሳጊኖ ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ወላጆቿን አጥታ በክራንብሩክ ትምህርት ቤት ስታድግ የአርክቴክቶቹ የሳሪነን ቤተሰብ እንደ ልጅ አቀረባት፤ በኋላም በቺካጎ ከሚስ ቫን ደር ሮ ዘንድ አርክቴክቸር ተምራ በ1941 ተመረቀች። ሃንስ ኖል በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ ካቋቋመው የቤት ዕቃ ኩባንያ ጋር መሥራት ጀመረች፣ በ1946ም ተጋቡ። በአንዳንድ የሻጭ መግለጫዎች ላይ «የኩባንያው ባለቤት ሚስት» ተብላ በአንድ ሐረግ ታልፋለች፤ ይህ በደል ነው። የኩባንያውን የዕቅድ ክፍል ያቋቋመችውና የመራችው እሷ ነበረች፤ ሃንስ በ1955 በኩባ በመኪና አደጋ ሲሞትም ኩባንያውን ተረክባ መርታዋለች። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ማለት በክፍሉ ማዕዘን አግድም የተቀመጠ፣ መሳቢያ የበዛበት ከባድ ጠረጴዛ ነበር። እሷ ግን ሥራ አስኪያጁ በእርግጥ የሚሠራው ሰው ማነጋገርና ስብሰባ መምራት መሆኑን አይታ መሳቢያ በሌለው ቀለል ያለ ጠረጴዛ ተካችው። መሳቢያው ሲቀር ወረቀቱና ፋይሉ ማረፊያ አጣ፤ ያ ማረፊያ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው ክሬዴንዛ ሆነ። ሰብሳቢዎች በብዛት የሚያውቁት በ1961 ለሥራ አስኪያጆች ቢሮ ከወጣው ስብስብ የሚመደበው ነው፤ በካሬ የብረት እግር ላይ የቆመ፣ ረጅሙ 190 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። እንግዲህ ዕቃው የአንድ ክፍል አሠራር አካል ሆኖ ነው የተወለደው፤ ለጌጥ ተብሎ አልተሠራም።

አሁን ወደ ድፍኑ እንጨት እንምጣ፤ ከሁሉ ሥር የሰደደው እምነት ይህ ነውና። በዋንዛና በጽድ ዕቃ ላደገ የእኛ አገር ገዢም እምነቱ እንግዳ አይደለም፤ ድፍን ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ከተለበጠ ማታለያ ነው። የኖል ክሬዴንዛ ደግሞ የተለበጠ ነው። ሮዝዉዱ፣ ዋልነቱ፣ ቲኩ ወይም ኦኩ ከላይ የለበሰ ስስ ቬኒር ሲሆን ከሥሩ ሌላ የእንጨት አካል አለው። ይህን የሰማ ገዢ ተታለልኩ ይላል። ነገር ግን እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መስጠቱን አያቆምም፤ ሲወስድ በጭረቱ አግድም ይሰፋል፣ ሲሰጥ ይጠባል። ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የዋልነት ገበታ በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 ከመቶ ቢለዋወጥ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። በክረምት ማሞቂያ ሌት ተቀን በሚነድበት፣ በበጋ ደግሞ አየሩ በሚረጥብበት የኒው ዮርክ ሕንፃ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ይነክሳል፣ ገበታው ይቆለመማል፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ፍሎረንስ ኖል የፈለገችው ደግሞ ቀጥ ያለ መስመርና እኩል የሆነ ክፍተት ነበር፤ ሁለት ሜትር በሚጠጋ ዕቃ ላይ ያን መስመር ለዓመታት ለመጠበቅ በማይንቀሳቀስ አካል ላይ ስስ እንጨት መለበጥ የተሻለ ምሕንድስና ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከአንድ ግንድ በተከታታይ የተሰነጠቁ ስስ ገጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጭረቱ ከበር ወደ በር፣ ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ይህን ውበት በድፍን እንጨት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ልባጭ የድህነት ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ከጥንታዊት ግብፅ ከቱታንኻሙን መቃብር በወጡት ዕቃዎች ላይ ባልተገኘ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ባለሙያዎችም ለነገሥታት በሠሯቸው ኮሞዲኖዎች ላይ ባልተጠቀሙበት ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የተለበጠ ችፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ብሎኑ ቦታውን ይለቃል፤ ታዲያ ሰው ልባጭን ቢጠላ ምን ይገርማል? ቅሬታው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የልባጩ አይደለም። ርካሹን ዕቃ የሚገድለው የውስጡ አካል ልልነት፣ የጠርዙ አለመሸፈንና የማጠፊያው ድክመት ነው። ስለዚህ የድሮ ክሬዴንዛ የሚመረምር ሰው «ድፍን ነው ወይ?» ብሎ ከማንኳኳት ይልቅ ጎንበስ ብሎ የሥሩን ጠርዝ ቢያይ፣ ጽዳት ሲደረግ ውኃ የነካው ቦታ መኖር አለመኖሩን ቢፈትሽ፣ መሳቢያውን እስከ ጫፍ ስቦ ሚዛኑን ቢሞክር፣ የፊት ገጾቹ ጭረት መያያዙን ቢከታተል የበለጠ ያውቃል። አንዱ በር ብቻ ጭረቱ ከሌሎቹ ጋር ካልሄደ ያ በር ምናልባት ተቀይሯል።

መለያውን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ መለያ የሌለውን ሁሉ ሐሰተኛ ይላል፣ ሌላው መለያ ያለውን ሁሉ ያምናል። መለያው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወይም ከመሳቢያ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ በ60 ዓመት ውስጥ ወረቀት ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ከአንድ ዕቃ ተነሥቶ ወደ ሌላም ሊዛወር ይችላል። ሲገኝ ግን በጥሞና መነበብ አለበት። በማዲሰን አቬኑ ቁጥር 575 የሚለው አድራሻ የ1950ዎቹን የኩባንያውን ማሳያ ያመለክታል፤ በፓርክ አቬኑ ቁጥር 320 የሚለው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከአድራሻው በታች ያለችው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ትናገራለች። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥርን የጀመረው በሐምሌ 1963 ነው። ስለዚህ «ኒው ዮርክ 10022» የሚል መለያ ያለው ክሬዴንዛ ሻጩ «የ1961 ምርት ነው» ቢልም፣ መለያው የራሱ ከሆነ ከ1963 በፊት ከፋብሪካ ሊወጣ አይችልም። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ «ኒው ዮርክ 22» የሚለው አሮጌ ጽሑፍ የታተመ ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ በኋላም ሊለጠፍ ይችል ነበር። ይህ ትንሽ ማስረጃ ትልቁን ግራ መጋባት ያጋልጣል፤ ዕቃው የተነደፈበት ዓመትና የተሠራበት ዓመት አንድ አይደሉም። ኩባንያው በ2021 ከሄርማን ሚለር ጋር ተዋህዶ ሚለርኖል ተብሏል፣ የፍሎረንስ ኖልን ክሬዴንዛ አሁንም ያመርታል። ትናንት ከፋብሪካ የወጣው ሐሰተኛ አይደለም፣ የድሮ ግን አይደለም። «በኖል ስልት» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ በዘመኑ ብዙ ኩባንያዎች ተመሳሳይ የቢሮ ዕቃ ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹም ጥሩ ናቸው፤ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ዋጋ ቢሸጡ ምንም ነውር የለበትም።

ልባጭ መሆኑን የተረዳ ሰው ስለ እድሳት የሚባለውን ለማመን ይቸገራል። የዚህ ቬኒር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የብርጭቆ ወረቀት የተገጠመለት የኤሌክትሪክ ማሽን ጠርዝ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቢቆይ ሮዝዉዱ አልቆ የውስጡ አካል ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ስንት ደህና ክሬዴንዛ «አዲስ ይምሰል» በሚል ምክንያት እንዲህ እንደ ጠፋ ማሰብ ያሳዝናል። ቆሻሻና ያረጀ ሰም የሚመስለው ብዙው ነገር በለስላሳ ጨርቅና በተመጠነ ማጽጃ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ስስ ሰም ይበቃዋል። የብርጭቆ ቂጥ ክብ የታተመበትን ዕቃ ሙዚየም እንደሚያደርገው እንዳለ አስቀምጡት ማለቴ አይደለም። በቤት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ሽፋኑ ከተላጠና ከተሰነጣጠቀ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ መታደሱ ተገቢ ነው፤ ሲሸጥ ግን መታደሱ ይነገር። የእብነ በረድ ገበታ ያለው ክሬዴንዛ የበለጠ ይችላል የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ በደቂቃዎች ውስጥ ልስላሴውን ይበሉታል።

በፋብሪካ በብዛት ከተሠራ ለምን ይህን ያህል ይከፈልበታል የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ሰብሳቢው እንደ ሀብት ማከማቻ እንዳያየው ያደርጋል። ኖል በ1957 በኮነቲከት በተመረቀው የኮነቲከት ጄኔራል መድን ኩባንያ ሕንፃና በኤሮ ሳሪነን በተነደፈው የሲ.ቢ.ኤስ ሕንፃ ላይ የሠራው ዓይነት ሥራ ማለት ብዙ ክፍል፣ ብዙ ጠረጴዛ፣ ብዙ ክሬዴንዛ ነው። እነዚህ ቢሮዎች ሲታደሱ ዕቃው ወደ ገበያ ይወጣል፣ ስለዚህ ብርቅ አይደለም። በጨረታ የሚገዛ ሰው ከመዶሻው ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል የአጫራች ክፍያ ይጨምራል፤ ማጓጓዣው ሲታከልበት ነገ አትርፎ የመሸጥ ተስፋው ይጠባል። የሚከፈለው ለመጠኑ፣ ለመስመሩ፣ አስተሳሰቡ በግልጽ ለሚታይበት ነገር ከሆነ ግን ዋጋው ትርጉም አለው፤ በብዛት መሠራቱም ለገዢ ይበጃል፣ አንዱን ከሌላው ጋር አመሳክሮ የተቀየረውን ክፍል መለየት ይቻላልና።

የመጨረሻው እምነት ከሁሉ በላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ነው። በ1960ዎቹ ከተመረቱት ክሬዴንዛዎች እጅግ የሚፈለጉት በብራዚል ሮዝዉድ የተለበጡት ናቸው። ዛፉ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጊያ ኒግራ ይባላል፣ የሚበቅለው በብራዚል የአትላንቲክ ደን ነው፤ ደኑም ዛፉም እጅግ ተመናምነዋል። በ1992 ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው በአባሪ አንድ ውስጥ ገብቷል፤ ሌሎቹ የዳልበርጊያ ዝርያዎችም ከጥር 2017 ጀምሮ በአባሪ ሁለት ሥር ናቸው። ብዙ ሰው ዕቃው ከ1992 በፊት የተሠራ ስለሆነ ነፃ ነው ይላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ሰውን ወደ ቅጣት ይመራል። ከስምምነቱ በፊት የተገኘ መሆኑ የቅድመ ስምምነት የምስክር ወረቀት ለማውጣት ያስችላል፣ ወረቀቱን ግን አይተካም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከድንበር ማሻገር አልፎ በውስጥ መሸጡም የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ከዚህ የሚያድነው ዕቃው ከመጋቢት 3 ቀን 1947 በፊት ተሠርቶ የተያዘ መሆኑ ነው፣ በ1961 የተነደፈ ክሬዴንዛ ደግሞ በምንም መንገድ ይህን ሊያሟላ አይችልም። ልባጩ ስስ ነው፣ ከዛፉ የተወሰደው ጥቂት ነው የሚል መከራከሪያም አያድንም፤ ከአባሪ አንድ ዛፍ የተሠራ ዕቃ እንደ መጠኑ ትንሽነት አይታለፍም።

ይህ የእኛንም ሰው ይመለከታል። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ጓዙን የሚጭን ሰው ከዕቃዎቹ መካከል የሮዝዉድ ክሬዴንዛ ካለ ጉዳዩ በሁለቱም ጫፍ ይጠብቀዋል። እንጨቱ የብራዚል ይሁን የህንድ በዓይን ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ይከብዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ዋልነት ጠቁሮ ሮዝዉድ ይመስላል። በመሆኑም ኮንቴይነሩ ከመዘጋቱ በፊት የእንጨቱን ዓይነት በባለሙያ ማስለየት፣ የግዢ ደረሰኙንና የመለያውን ፎቶግራፍ ማዘጋጀት፣ ከዚያም በሚወጣበት አገር የሳይተስን ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የአገሪቱ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው።