«እጮኛዬን አሮጌ መጽሔት ነጠቀኝ!»

ሴት ልጅ በሴት ብትቀና ያለ ነው። በኳስ ብትቀናም አይደንቅም፤ የእንግሊዝ ኳስ ቅዳሜና እሁድን እየበላ ስንት ፍቅረኛሞችን እንዳኮራረፈ እናንተም ታውቁታላችሁ። በአሮጌ የፎቶግራፍ መጽሐፍ የምትቀና ሴት ግን እኔ ያጋጠመችኝ ገና ዘንድሮ ነው። ያውም ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሞተው ካለቁ ዘመን የሌላቸው!

ልጅቷ የምትኖረው ለንደን ነው። እጮኛዋ የሃይስኩል ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። ሁለታችንም አንድ አባዜ አለብን። «ፎቶግራፍም እንደ ሥዕል ጥበብ ነው» ብለው መጀመሪያ የተሟገቱት ሰዎች የሠሯቸውን፣ ወይም ስለነሱ የተጻፉትን አሮጌ መጻሕፍት እናሳድዳለን። እሱ እዚያ ከየመደርደሪያው ይለቅማል፤ ረከስ ያለውን ደግሞ ለኔ በሰው እጅ ይልክልኛል። እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው አንድ ሌሊት የደወለችልኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንተ ነህ አይደል የምታቀብጠው? የቀለበቱን ብር ሄዶ መጽሔት ገዛበት! አንድ ቀጭን፣ ግራጫ መጽሔት! ደግሞ እኮ... የኛ ልጅ እንኳ የለበትም!»

«የኛ ልጅ» ያለችው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ወደኋላ መሄድ ግድ ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መጻሕፍቱ ላይ የታተመው እሱ ስለሆነ ስትፈልጉ እንዳይምታታባችሁ።)

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ስሟ ከካሜራ ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ካሜሮን የባሏ ስም ነው። በ1863 ማብቂያ ላይ፣ በ48 ዓመቷ፣ ልጇና የልጇ ባል ካሜራ በስጦታ ሰጧት። የልጅ እናት፣ የቤት እመቤት፣ በዚያ ላይ በዕድሜ የገፋች፤ መቼም ጊዜ ማሳለፊያ ይሁናት ብለው ነው። እሷ ግን የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል አደረገችና እንግሊዝ አገር ውስጥ ዝነኛ የተባለውን ሰው ሁሉ እየጎተተች ማንሳት ጀመረች። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሳው መስታወት ላይ ነው። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ይደበዝዛል። የሙያው ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ሌንሷን ማስተካከል እንኳ አትችልም» እያሉ ሳቁባት። እሷ ደግሞ ያንኑ ድብዝዝታ ነበር የምትወደው። ዛሬ የሳቁባትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ማን ነው?

እንግዲህ በጁላይ 1868 እሷ ወደምትኖርበት ዋይት ወደሚባለው ደሴት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መጣ። ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ኤፕሪል ላይ መቅደላ ሞተዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በወሩ መንገድ ላይ ሞተዋል። ልጁን ይዞት የመጣው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረው፣ አማርኛ የሚናገረው ረጅሙ እንግሊዛዊ። ካሜሮን ልጁን አስቀመጠችና አነሳችው። ብቻውንም፣ ከስፒዲ ጋርም። ፎቶውን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እንዳልተቀበለው ሰምታችኋል።

ጓደኛዬ ይህን ፎቶ ያየው በ2003 በታተመው የካሜሮን ሙሉ ሥራዎች መጽሐፍ ላይ ነው። ከ1,200 በላይ ፎቶዎቿን የያዘ፣ ጭንቅላት ላይ ቢወድቅ የሚገድል ጥራዝ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ተውሶት፣ አውቶቡስ ላይ ገልጦት ከዓለማየሁ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ። «ልጁ ሊያለቅስ ነው የሚመስለው» ብሎ ከዚያው ከአውቶቡሱ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው የለም በሉት።

መጀመሪያ ያገኘው ሄልሙት ገርንሻይም በ1948 ስለካሜሮን የጻፈውን መጽሐፍ ነው። ለበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ የላይ ሽፋኑ የጠፋበት፣ ዋጋው የአንድ ምሳ። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ነው ለጀማሪ የሚሆነው። ቀጥሎ በ1926 የታተመውን ማለም ጀመረ፤ ዝነኛዋ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍና ሮጀር ፍራይ መግቢያ የጻፉለትን። ዉልፍ የካሜሮን የእህት ልጅ ልጅ ናት፤ ያሳተመውም የራሷና የባሏ ማተሚያ ቤት ነው። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። እሱ ሲያቅተው ነው እንግዲህ ወደ መጽሔቱ የዞረው።

መጽሔቱ «ካሜራ ወርክ» ይባላል። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የሚባል ሰው ከ1903 እስከ 1917 ኒውዮርክ ውስጥ ያሳትመው ነበር፤ በጠቅላላው እስከ ቁጥር 50 ደርሷል። መጽሔት ስትሉ በየኪዮስኩ የሚንጠለጠለው እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ ፎቶዎች የታተሙት ፎቶግራቩር በሚባል ዘዴ ነው። ምስሉ መዳብ ላይ በአሲድ ይቀረጻል፣ መዳቡ ቀለም ይቀባል፣ ትርፉ ቀለም ይጠረግና በእርጥብ ወረቀት ላይ ተጭኖ ይታተማል። ብዙ ጊዜ ስስ የጃፓን ወረቀት ላይ ያትሙትና በእጅ ገጹ ላይ ይለጥፉታል። ጥቁሩ እንደ ከፋይ ነው። ስቲግሊትዝ ራሱ እነዚህን ህትመቶች እንደ ዋና ሥራ ነበር የሚቆጥራቸው፤ እኔም አልፈርድበትም።

ታዲያ እንዲህ የተለፋበት ነገር ከሰረ። ሰውየው እነፒካሶንና ማቲስን ማስገባት ሲያበዛ ፎቶ አንሺዎቹ አኮረፉ፤ ጦርነቱም መጣ፤ ሲጀምር ብዙ የነበረው ደንበኛ መጨረሻ ላይ ከ40 በታች ሆነ። ጥቂት ሰው የገዛው ነገር ኋላ ብዙ ሰው ሲፈልገው ምን እንደሚሆን የመርካቶ ልጅ አይጠፋውም።

ጓደኛዬ የገዛው ቁጥር 41ን ነው፣ የጃንዋሪ 1913ን። የካሜሮን ፎቶዎች የወጡበት እሱ ነው። ዓለማየሁ እውነትም የለበትም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኸርሸል አለ፤ ካሜሮን ፀጉሩን አሳጥባ፣ አቆጥቁጣ ነው ያነሳችው ይባላል። ደራሲው ካርላይል አለ። ተዋናይዋ ኤለን ቴሪም አለች።

ወደ ጠቡ ልመልሳችሁ። እህታችን በሁለተኛው ስልክ መፍትሔ ይዛ መጣች። «አጣርቻለሁ» አለች። «ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ቢሸጡ ከመጽሔቱ ዋጋ የበለጠ ያወጣሉ። ይገንጥላቸውና ይሽጣቸው፤ አንዷን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይስቀል፤ ቀለበቱም ይገዛል፣ እሱም ፎቶውን ያገኛል።»

ሒሳቧ ልክ ነው፤ አልዋሻችሁም። ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ነጋዴዎች አሉ። ደህናውን መኪና ፈታትቶ በመለዋወጫ እንደመሸጥ ነው፤ በር ለብቻ፣ ፍሬቻ ለብቻ። ችግሩ የተፈታ መኪና ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል፣ የተገነጠለ መጽሐፍ ግን ተመልሶ መጽሐፍ አይሆንም። ማን ከማን ቀጥሎ እንደታየ፣ የትኛው ጽሑፍ የትኛው ፎቶ አጠገብ እንደቆመ፣ ያ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሙሉ ቅጂ በጠፋ ቁጥር የቀረው ይወደዳል፤ ሲወደድ ደግሞ መገንጠሉ ይብሳል።

ለሷ ግን ይህን ሁሉ አልተነተንኩላትም። «እሱ የሌለ ጊዜ ከፍተሽ ኤለን ቴሪን እያት» አልኳት ብቻ። አየቻት። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በእጇ የአንገት ሐብሏን ይዛለች። «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። በ1864 ነው የተነሳችው፤ 16 ዓመቷ ነው፤ ያገቧት ሠዓሊ 46 ዓመታቸው ነው፤ ትዳሩ ዓመት ሳይሞላው ፈርሷል። ስልኩ ላይ ዝም ተባባልን። «ይቺን እንኳ አይሸጣትም» አለች በመጨረሻ።

እንዲህ ስላችሁ ጓደኛዬን ነጻ አወጣሁት ማለት አይደለም። ለሁለት ሰው የተቀመጠ ብር ለአንድ ሰው ሱስ አይነካም፤ መጽሐፍ ስለሆነ ጫት ወይም ቁማር አይደለም ብሎ መኩራራት አይሠራም። እንዲያውም መጽሐፍ ሰብሳቢ ከቁማርተኛ የሚብስበት ጊዜ አለ፤ ቁማርተኛ እንኳ ሲበላ ያፍራል፣ ሰብሳቢ ግን ይኮራል። ይህንኑ ሳልለሳልስ ነገርኩት። አኮረፈኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ሸጠ። የሸጠው ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን የሚባለው ሐኪም በ1889 ስለፎቶግራፍ ጥበብነት የጻፈውን ነው። የሚገርመው፣ ይኼ ኤመርሰን «ፎቶ ጥበብ ነው» ብሎ ዓለምን ካመሰ በኋላ በ1890 ሐሳቡን ቀየረና ዙሪያው ጥቁር የሆነ፣ ልክ የሐዘን ደብዳቤ የመሰለ ወረቀት አሳትሞ የራሱን እምነት ቀበረው። ጓደኛዬ «እሱ ራሱ የካደውን እኔ ምን አንገበገበኝ» አለኝ። ቀለበቱ ተገዝቷል። የሠርጉን ቀን ግን እስካሁን አልቆረጡም፤ እሷ የምትለው «መጀመሪያ የመጽሐፍ በጀት ይጻፍ» ነው። ከወር ገቢው ምን ያህሉ ለመጽሐፍ እንደሚውል፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ ሁለቱ አይተው እንዲገዙ ነው የጠየቀችው። እኔ በሷ ነው የምፈርደው።

አሁን እናንተ «ለንደን ያለው ይሁንለት፣ እኛ አዲስ አበባ ሆነን ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል።

ዓይን መግራት ገንዘብ አይጠይቅም። «ካሜራ ወርክ»ን የጀርመኑ የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ በነጻ እንዲታይ አድርጎታል፤ ስልካችሁ ላይ ቁጥር 41ን መክፈት ትችላላችሁ። ታሸን የሚባለው አሳታሚ ደግሞ በ1997 የመጽሔቱን ፎቶዎች ሁሉ በአንድ ጥራዝ አውጥቷቸዋል። ህትመቱ እንደ ፎቶግራቩሩ አይደለም፤ ግን ሰው የሚወደውን ለይቶ እንዲያውቅ ይበቃል። ሳይለዩ መግዛት ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ከአገራችን ጋር የተያያዘ ከፈለጋችሁ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ያሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሱ ፎቶዎችን የያዘ መጽሐፍ አለ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ብታገኙት አትለፉት፤ ካጣችሁት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ዕድል ቀንቷችሁ፣ አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ ከሸጠው ካርቶን ውስጥ አሮጌ የፎቶ መጽሐፍ ካገኛችሁ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ፎቶዎቹን ቁጠሩ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ አንድ ከጎደለ ዋጋው ብዙ ይወርዳል፣ ሻጩ ደግሞ «እንዲህ ነው የመጣው» ነው የሚላችሁ። ትንሽ ማጉያ መነጽር ያዙ። ምስሉ በሰልፍ የቆሙ ነጥቦች ከሆነ ተራ ህትመት ነው፤ እንደ ዱቄት የተበተነ ከሆነ ፎቶግራቩር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፊታችሁ ላይ ደስታ እንዳይነበብ። የቤተ መጻሕፍት ማህተም ካለበትና «ተሰርዟል» የሚል ሌላ ማህተም ከሌለው ግን ርካሽ ነው ብላችሁ አትንኩት። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ቤት ከገባ በኋላ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ስኮቹ ሲያረጅ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ቆርቆሮው በሚያፈስበት በኩል ከሆነም ቦታ ቀይሩለት። እርጥበት የገባው ወረቀት እርስ በርሱ ከተጣበቀ ፎቶው ከፊቱ ገጽ ጋር ተልጦ ነው የሚመጣው።