ጠጕርን ስለ ማሳደግና ስለ መጠበቅ

በአገራችን የጠጕር ክብር ለሴቶች ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስም (1847–1860 ዓ.ም. የነገሡ) ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም (1864–1881 ዓ.ም.) በሥዕላቸው የሚታዩት ጠጕራቸውን ሹሩባ ተሠርተው ነው። የልጆችም ዕድሜ በቁንጮ፥ በጋሜና በሳዱላ ከራሳቸው ላይ ይነበብ ነበር፤ ልጃገረዲቱ ባገባች ጊዜ ተላጭቶ የኖረው አናትዋ ጠጕር እንዲያበቅል ይተው ነበርና፥ ጠጕር ማሳደግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን እናሳድጋለን ስንል የምናጠፋው መኖሩን ማስተዋል ይገባል።

በአንድ ወዳጃችን ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአክስትዋ ሠርግ ሹሩባ ስትሠራ አየን። ጠጕርዋ ጥቅጥቅ ያለና ጥምዝ ስለ ሆነ ሠሪዋ ከግንባርዋ ጀምራ አጥብቃ ትስበው ነበር። ሕፃኒቱ ብታለቅስ እናትዋ «ቻይው ልጄ፤ ካልጠበቀ አያምርም» አሏት። በማግሥቱ በግንባርዋ ዳር ጥቃቅን ሽፍታ ወጣባት። የእመቤቲቱንም ግንባር ብናስተውል ከጆሮአቸው በላይ ያለው ጠጕር ሳስቶ ቆዳው ይታያል፤ እርሳቸው ግን ይህን የዕድሜ ነገር ያደርጉታል።

የዕድሜ ነገር አይደለም። ጠጕር ዘወትር ሲሳብ ሥሩ ይጐዳል። ይህ ዓይነት መመለጥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. በግሪንላንድ አገር ጠጕራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ ሰዎች ላይ ታይቶ ተጽፏል። በጊዜው ታውቆ ሹሩባው ቢላላ ጠጕሩ ይመለሳል፤ ለብዙ ዓመት ከቀጠለ ግን የሥሩን ስፍራ ጠባሳ ይወርሰዋልና ማናቸውም ቅባት አያበቅለውም። ስለዚህ ሹሩባ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ ራስን የሚያም፥ ቅንድብንም ወደ ላይ የሚስብ ቢሆን፥ ለበዓሉ ክብር ተብሎ ሳይታገሡ በዚያው ሰዓት ማላላት ነው።

ጥምዝ ጠጕር ከሉጫው ይልቅ የሚደርቀው፥ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ቅባት በጥምዝምዙ ላይ ወደ ጫፍ መውረድ ስለሚቸግረው ነው፤ በሚታጠፍበትም ቦታ ቶሎ ይሰበራል። የራስ ጠጕር በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል። «ጠጕሬ አላድግ አለኝ» የሚሉ ብዙ ወይዛዝርት ጠጕራቸው ማደጉን የተወ ሆኖ አይደለም፤ በሥሩ ያደገውን ያህል በጫፉ እየተሰበረ ነው እንጂ።

ቅቤም ቢሆን ጠጕርን አያሳድግም፤ አለስልሶ ከመሰበር ይጠብቀዋል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ይልቁንም ለጫፉ ማብዛት፥ ለአናት ማሳነስ ይሻላል፤ ፎረፎር ያለበት ሰው ቆዳውን በቅባት ቢያጠግብ ይብስበታልና። (እንግዳ የሚቀበል ሰው መቼ እንደሚቀባ ያውቃል፤ ስለ ሽታው እኛ አንናገርም።) ካውያን ማዘውተር ግን ጠጕሩን ይሰባብረዋል። ጫፍን መቍረጥም የተሰነጠቀውን ያስወግዳል እንጂ ጠጕሩን አያወፍረውም።

ሚዶው ጥርሱ ሰፋፊ ይሁን። ጠጕሩ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ፥ ጥቂት ቅባት አስነክቶ፥ በእጅ ከፋፍሎ፥ ከጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ እየወጡ ማበጠር ነው። ደረቁን ከአናት ወደ ታች መሳብ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል፤ ልጆችም ሚዶ ባዩ ቍጥር የሚሸሹት ስለዚህ ነው። በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ዘለላ ቢረግፍ የተለመደ ነው። ሹሩባ በተፈታ ጊዜ ብዙ ጠጕር በእጅ ቢቀር የሰነበተው ተጠራቅሞ ነውና አያስደነግጥም።

የዚያችን ሕፃን ነገር ለእናትዋ ብንገልጥላቸው ጥቂት ዝም ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። በሠርጉ ዕለት ልጅቱን ያየናት የፊተኛው ጠጕርዋ ተፈትቶ፥ ወደ ኋላ በላላ ጥብጣብ ታስሮላት ነው። ሠሪዋ ግን አምሮባታል ለማለት እስከ ዛሬ አልፈቀደችም።