ምዕራፍ 7፦ ለጎረቤት ሞት የተመዘገቡ ሰዎች

«ዴሪቫቲቭ ቁማር ነው፤ እስላማዊ ባንክ ቁማር አይነካም፤ ስለዚህ አይናወጥም።» ባንክ ሠራተኞችን ባሠለጠንኩ ቁጥር ይህን የሚነግረኝ አይጠፋም። በሰማሁት ቁጥርም ደሜ ይፈላል።

ዴሪቫቲቭ ዋጋው ከሌላ ነገር ዋጋ የሚመነጭ ውል ነው። የነዳጅ ዋጋ እንዳይንርበት አስቀድሞ እንዲህ ያለ ውል የሚገባ አየር መንገድ ምኑ ነው ቁማርተኛ? ነገሩ የሚበላሸው ስጋቱ የሌለበት ሰው ሲገባበት ነው። ዕድርን አስቡ። ለራሴ ቤተሰብ ብከፍል ደግ ነው። ግን ሠፈርተኛው ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ስም ቢመዘገብስ? እሳቸው ሲሞቱ ሐዘንተኛው ቤት አንድ፣ ድንኳኑ አርባ ይሆናል። ሽማግሌው ባሳሉ ቁጥር መንደሩ ጆሮውን ያቆማል። ለቅሶ ደራሹ ብር ሊቆጥር ይመጣል። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ «በዚህ ሠፈር ሰው አይሞትም» ብሎ መዋጮውን ጨርሶታል!

የአሜሪካው ኤ.አይ.ጂ. እንደዚህ ዳኛ ነበር። በቤት ብድር ላይ ለቆሙ ሰነዶች በክሬዲት ዲፎልት ስዋፕ (ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ኪሳራውን በሚሸፍን ውል) ዋስ ሆነ። ሰነዶቹ ሲረክሱና የራሱም የብድር ደረጃ ሲወርድ «መያዣ ጨምር» ተባለ። ከየት ያምጣ? ሴፕቴምበር 16 ቀን 2008 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እስከ 85 ቢሊዮን ዶላር ሊያበድረው ተገደደ።

እስላማዊ ባንኮች እነዚያን ሰነዶች አልገዙም፤ ሪባም (ወለድ) ገረርም (ከልክ ያለፈ የውል አሻሚነት) አለባቸውና። ነገር ግን ብዙዎቹ ገንዘባቸውን በባሕረ ሰላጤው ሕንፃና መሬት ላይ አፍስሰው ነበር። የአይ.ኤም.ኤፍ. ባለሙያዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ባንኮች በ2008 ከመደበኞቹ በተሻለ ቢቋቋሙም በ2009 በአንዳንድ አገሮች ትርፋቸው ይበልጥ አሽቆልቁሏል። በዚያው ዓመት የኩዌቱ ኢንቨስትመንት ዳር የሱኩክ (የእስላማዊ ቦንድ) ክፍያ አቃተው።

ተወሩቅ የተባለውን ግብይት ሳላነሣ ግን አላልፍም። ብረት በዱቤ ይገዛል፣ ወዲያው በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ብረቱን ያየው የለም። ባንክ ራሱ ሁለቱንም ጫፍ የሚያቀናጅበትን ዓይነት ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ2009 ሻርጃ ላይ አልፈቀደም። ይሁንና እስላማዊ ስዋፖች (የክፍያ መለዋወጫ ውሎች) ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በእንዲህ ያለ የሸቀጥ ግብይት ላይ ነው። ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ እኔን የሚያናድደኝ ክርክሩ «ስጋቱ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መዋጡ ነው። በ2010 የወጣው «ተሐዉጥ» የተባለው የውል ሰነድ ጥያቄውን አልዘነጋውም፤ ውሉ እውነተኛ ስጋትን ለመከላከል እንጂ ለግምት ንግድ እንዳይውል ይጠይቃል።

እንግዲህ የባንኩ ስም ምንም ይሁን፣ ጠይቁ፦ ውሉ የሚሸፍነው ስጋት በእርግጥ የራሱ ነው? ዋስ የሆነው ወገን በክፉ ቀን የሚከፍልበት አለው? «ዴሪቫቲቭ የለንም» ካላችሁም አትመለሱ፤ ብድሩ በምን ላይ እንደተከማቸ ጠይቁት።