በአደባባይ የቆመ ሐውልት ፎቶግራፍና የነጋዴው ኀላፊነት

ብዙ የንግድ ቤቶች ለደንበኞቻቸው በሚያድሉት የቀን መቁጠሪያ፤ በዕቃ መጠቅለያና በፖስት ካርድ ላይ የታወቁ ሐውልቶችን ፎቶግራፍ ማተም ልማዳቸው ነው። ሐውልቱ በአደባባይ ስለ ቆመ የሁሉ ነው፤ ለፎቶግራፍ አንሺውም ዋጋው ከተከፈለ ሌላ ባለመብት የለም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ይገኛል። ይህ አሳብ ምን ያህል ዕዳ ሊያመጣ እንደሚችል በአሜሪካ አገር በአንድ ቴምብር ምክንያት የተነሣው ክርክር በግልጽ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በዋሽንግተን ከተማ የተመረቀው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ፤ ኢትዮጵያም ከተሰለፉት አገሮች ጋራ ስሟ የተቀረጸበት ሲሆን፤ ዝገት ከማይነካው ብረት የተሠሩ 19 የወታደር ሐውልቶች አሉበት። ቀራፂው ፍራንክ ጌሎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሐውልቶቹን በረዶ ለብሰው ሳሉ አነሣቸው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎትም ለዚሁ ሰው 1,500 ዶላር ከፍሎ ፎቶግራፉን እ.ኤ.አ. በ2003 በ37 ሳንቲም ቴምብር ላይ አተመው። ቀራፂውን ግን አላስፈቀደም። ስለዚህ ጌሎርድ እ.ኤ.አ. በ2006 በመንግሥቱ ላይ ክስ አቀረበ።

የአሜሪካ ሕግ አንዳንድ ጊዜ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀምን «ተገቢ አጠቃቀም» ብሎ ይፈቅዳል። ዳኞችም አራት ነገር ይመረምራሉ፤ ይኸውም፦ 1ኛ/ የአጠቃቀሙ ዓላማ፤ በተለይም ለንግድ መሆኑና አለመሆኑ፤ 2ኛ/ የሥራው ዓይነት፤ 3ኛ/ ከሥራው የተወሰደው መጠን፤ 4ኛ/ በሥራው ገበያ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አጠቃቀሙ ተገቢ ነው ብሎ ለመንግሥቱ ፈረደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንን ሻረው። ቴምብሩም ሐውልቱም ዘማቾችን ለማክበር የተሠሩ ስለ ሆኑ ዓላማቸው አንድ ነው፤ በረዶውና የደበዘዘው ቀለም ትርጉሙን አልለወጠውም፤ ከ19ኙም ሐውልቶች 14ቱ ታይተዋል፤ ከሽያጩም ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቷል ሲል ምክንያቱን ገለጸ። ቴምብሩ የሐውልቱን ገበያ እንዳልጎዳ ቢታመንም ይህ ብቻውን አላዳነም። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2013 ለቀራፂው 684,844.94 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ፤ ውሳኔውም እ.ኤ.አ. በ2015 በይግባኝ ጸና።

ከዚህ የምንረዳው የሐውልት ፎቶግራፍ ሁለት መብት ያለበት መሆኑን ነው፤ አንዱ የፎቶግራፍ አንሺው፤ ሁለተኛው የቀራፂው። አንዱን መግዛት ሌላውን አያስገኝም።

ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዝና የጀርመን ሕግ በአደባባይ ለዘለቄታው የቆመን ሐውልት ፎቶግራፍ ያለ ቀራፂው ፈቃድ ለንግድ እንኳ ማተምን ይፈቅዳል። በአሜሪካ ግን ይህን የመሰለው ነፃነት ለሕንፃ እንጂ ለሐውልት አልተሰጠም። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቅርፃ ቅርፅ ጥበቃ ይሰጣል፤ ዘመኑም ቀራፂው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው።

እንግዲህ ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ መጠቅለያው የሚሸጥበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለሱቁም ቢሆን ከማሳተሙ በፊት ቀራፂው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሞተ ያጣራ፤ መብቱ ገና ከሆነ በምን ዕቃ ላይ፤ በስንት ቅጂና በየትኛው አገር እንደሚታተም የሚገልጽ ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፤ ከክስ በፊት የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ከክስ በኋላ ከሚከፈል ካሣ ይረክሳል።