የቃጠሎ ቍስል ጥልቀት በአጉሊ መነጽር ሲመረመር

ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም የተቃጠለው ገላ ስፋትና የቍስሉ ጥልቀት ነው። ስፋቱ በዓይን ይታያል። ጥልቀቱ ግን ከላይ በሚታየው ሥር የተሰወረ ስለ ሆነ ልምድ ያለውን ሐኪም እንኳ ያሳስታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ከቍስሉ ላይ ተቈርጦ የሚመረመር ቍራጭ ስለ ጥልቀቱ ምን እንደሚገልጥና ቀዶ ሐኪሙን እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳው ነው።

እንደሚታወቀው ቆዳችን ከላይ ስስ፣ ከሥሩም ወፍራም ክፍል አለው። ወፍራሙ ክፍል ኮላጅን ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠራ ሲሆን የደም ሥር፣ ነርቭ፣ የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ ይገኙበታል። የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ ውስጣቸው የተሸፈነው ከላይኛው ቆዳ ጋር በሚዛመዱ ሕዋሳት ነው። ስለዚህ የላይኛው ቆዳ ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ እነዚህ በሕይወት ከቀሩ ሕዋሳቱ እየተባዙ ወደ ላይ ወጥተው ቍስሉን ያለብሱታል። እነርሱ ከሞቱ ግን ቍስሉ ከዳር ብቻ ስለሚሸፈን፣ ሰፊ በሆነ ጊዜ የሞተው ተቈርጦ ከሌላ የገላ ክፍል የተወሰደ ቆዳ ሊተከልበት ያስፈልጋል። እንግዲህ «ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ «ከሥር ምን በሕይወት ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ውሃ የቋጠረና እጅግ የሚያም ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ ያልጠለቀ ነው። እንደ ቁርበት የደረቀና በመርፌ ሲወጋ የማይሰማው ደግሞ የጠለቀ ነው። የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ከዚህም በላይ እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላትን መለየት ስለሚያዳግት በዓይን መፍረዱ ይበልጥ ይከብዳል።

ምርመራው እንዲህ ይደረጋል። ወርዱ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር በሆነ ክብ መቍረጫ እስከ ስቡ ድረስ የሚደርስ ቍራጭ ይወጣል። ቍራጩ በፎርማሊን ከቈየ በኋላ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀመጥና ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር 5 ሺኛ ያህል ሆኖ ይቈረጣል፤ ከዚያም ቀለም ይነከራል። መርማሪው ሦስት ነገር ይመለከታል፤ የኮላጅኑ ክሮች ተለይተው ይታያሉ ወይስ ተቀቅለው አንድ ወጥ ሆነዋል? የደም ሥሮቹ ክፍት ናቸው ወይስ በረጋ ደም ተደፍነዋል? የፀጉር ሥሮቹ ሕዋሳት ደኅና ናቸው ወይስ አስኳላቸው ተኰማትሯል? ማሶን ትራይክሮም በተባለው አቀላለም ጤነኛው ኮላጅን ሰማያዊ፣ በሙቀት የተበላሸው ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ወሰኑ ጐልቶ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ወሰኑ ባለበት አይቆምም። የበርሚንግሃሙ ሐኪም ዳግላስ ጃክሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ቃጠሎን በሦስት ክፍል ለይቶታል፤ መካከሉ የሞተ፣ ቀጥሎ ያለው የደም ዝውውሩ የደከመ፣ ዳሩ ደም የበዛበት ነው። የደከመው ክፍል እንደ ሕክምናው ሊድንም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተወሰደ ቍራጭ በ3ኛው ቀን ያለውን ቍስል ላይገልጥ ይችላል። ደግሞም ቍራጩ የሚመሰክረው ስለ ተወሰደበት ሥፍራ ብቻ ነው፤ አንድ ቍስል በአንድ በኩል ጠልቆ በሌላው ላይጠልቅ ይችላልና። ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ቍራጭ የተነሣበትም ቦታ ጠባሳ ይተዋል። በእነዚህ ምክንያቶች ምርመራው በየዕለቱ ሥራ ላይ ከመዋል ይልቅ፣ የደም ዝውውርን በሌዘር ብርሃን እንደሚለካው ያሉ መሣሪያዎች ትክክል መሆናቸውን ለማመዛዘን ይጠቅማል።

በዛሬዪቱ ስሎቬንያ፣ በማሪቦር ከተማ ትሠራ የነበረችው ቀዶ ሐኪም ዞራ ያንዤኮቪች በ1970 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያሳተመችው ዘዴም ከዚሁ ጋር ይስማማል። እርሷ የሞተውን ቆዳ በስሱ እየላጨች፣ ነጠብጣብ ደም ሲወጣ ታቆምና ወዲያው ቆዳ ትተክል ነበር። ነጠብጣቡ መርማሪው በአጉሊ መነጽር የሚፈልገው ክፍት የደም ሥር ምልክት ነው። ከዚህ አልፎ የተቈረጠ ሕያው ቆዳ አይተካም፤ ሳይደርሱ ቢያቆሙ የተተከለው አይይዝም፤ ብዙ ቢዘገዩ ደግሞ ቍስሉ ይመግላል፣ ጠባሳውም መገጣጠሚያን ያኰማትራል።

ስለዚህ የምርመራው ወረቀት ቍራጩ ከየትኛው ሥፍራና ቃጠሎው በደረሰ በስንተኛው ቀን እንደ ተወሰደ ሊገልጥ ይገባዋል። ይህ ካልተጻፈ ምርመራው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ለቀዶ ሐኪሙ መመሪያ ሊሆነው አይችልም።