ከኦፕሬሽን በኋላ ጉሮሮ ሲከረክር፦ ተረትና እውነታ

ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደባርቅን አልፎ ጎንደር ለኦፕሬሽን የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም። አስታማሚና ስንቅ አብረው ይጓዛሉ፤ ከስንቁ መሃል ደግሞ ማር፣ ነጭ ሽንኩርትና የተወቀጠ ፌጦ አይጠፋም። ሕመምተኛው ነቅቶ «ጉሮሮዬ!» ሲል ብልቃጡ ይከፈታል። «ማደንዘዣው አቃጥሎት ነው፤ ቶሎ ይቅመስ። የአገር ቤት መድኃኒት ምን ይጎዳል?»

ይጎዳል! ሙሉ ሰመመን የወሰደ ሰው ዓይኑን ስለገለጠ ነቃ ማለት አይደለም። መዋጡም መሳሉም ገና አልተመለሰለትም። አንዲት እናት ለልጃቸው በማር የተለወሰ ፌጦ በማንኪያ ሲሰጡት፣ ልጁ ትን ብሎት ከንፈሩ ሲጠቁር አይቻለሁ። ነርሷ ደርሳ ባትስብለት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሳንባ የገባ ምግብ ወይም ትውከት ይገድላል። እናትየው ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ «እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ፍቱን ነው» እያለ ምክሩን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያዞረው ሰው ነው።

ጉሮሮውን የሚከረክረው በአብዛኛው ለመተንፈሻ የገባው ቱቦ ነው። ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ይገባል፤ ጫፉ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፊኛ ትነፋና አየር እንዳያፈተልክ ትዘጋለች። ግፊቷ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የውስጡን ስስ ቆዳ ደም ታሳጣዋለች። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል።

በአገር ቤት መድኃኒቱ ያለው እምነት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ማር የቆሰለ ጉሮሮ ያለሰልሳል። በሌላ አገር በተደረጉ ጥናቶችም ከሰመመን በፊት በአንድ ጣፋጭ ሥር ውኃ ተጉመጥምጠው የተፉ ሰዎች ሕመማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ያ ግን በባለሙያ ተለክቶ፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት የተሰጠ ነው። ለእኛ ሰው፣ ነርሷ «አሁን ይጠጣ» ካለች በኋላ ለብ ያለ የጦስኝ ሻይ በማር ይበቃል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

«ጠዋት ተልባ ጠጥቶ ቢገባ ጉሮሮው ይለሰልሳል» የሚሉም አሉ። በፍጹም! ምግብ ለሰመመኑ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ የሚፈቀደው ንጹሕ ውኃ ነው፣ ተልባ ደግሞ ውኃ አይደለም።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚለውን አትስሙ። እንጥል ቱቦው ነክቶት ሊያብጥ ይችላል፤ መቁረጡ የሚያመጣው መድማትና መመረዝ ነው።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደም ካስተፋ ወይም ድምፁ ከሳምንት በላይ እንደጎረነነ ከቀረ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።