ለአነስተኛ ሞተር የአየር ማስገቢያ ክፍሎች የሚሆን ቁስ አመራረጥ



በመሰላም ሆነ በጭሮ ዙሪያ፣ በበጋ ወራት ማሳውን የሚያጠጣ አርሶ አደር የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ቢቆምበት መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ተክሉ አይጠብቀውም። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ በአቅራቢያው ያለ ባለሙያ በእጁ ካለው ነገር ሠርቶ ይተካለታል። ይህን ብልሃት ልናግዘው እንጂ ልንንቀው አይገባም። እንግዲህ ቁሱ በምን ይመረጥ?

ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ጥንካሬን ነው። ቱቦው ግን ከባድ ጭነት አይሸከምም፤ የሚፈትኑት ቤንዚን፣ ሙቀትና ንዝረት ናቸው። ጉዳቱም የሚጀምረው ከመሰበሩ በፊት፣ አየር ማስገባት ሲጀምር ነው። በስንጥቁ የሚገባው አየር ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር እንዲያንስ ስለሚያደርግ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በማጣሪያው ስላላለፈም አቧራ ይዞ ይገባል። በአቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

በዚህ መስፈርት የተለመዱትን ቁሶች እንመዝን። የከመነዳሪ ጎማ አየር በመያዝ የታወቀ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይላላል። ከማጣሪያው እስከ ካርቡሬተሩ ባለው ደረቅ ክፍል ለጊዜው ቢያገለግል እንኳ ከዚያ ወዲያ አይታመንም። ተራ ሲሊኮንም በቤንዚን ይላላል፤ ተቀርፎም ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። የፒቪሲ የውሃ ቱቦ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ሲሊንደሩ አጠገብ ቦታ የለውም። ብረት ሙቀቱን ይችላል፤ ሆኖም ይከብዳል፣ ይዝጋል፣ በውስጡ የቀረ የብየዳ ፍንጣሪም ተላቅቆ ሞተሩን ይጎዳል።

ለጠንካራው ክፍል የምመርጠው አሉሚኒየምን ነው። አሮጌ ፒስተን ሲሊከን የተቀላቀለበት በመሆኑ ሲቀልጥ ከድስት አሉሚኒየም ይልቅ ቅርጹን በሚገባ ይሞላል። አሉሚኒየም ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ ግን፣ ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ ውስጥ እንዳይፈላ በመካከላቸው የባክላይት መለያ መግባት አለበት። ለተጣጣፊው መገጣጠሚያ ደግሞ የቤንዚን ቱቦ የሚሠራበት ናይትራይል ጎማ ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን ያለ ጭነት አስነሥታችሁ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት ውሃ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየር ይገባል ማለት ነውና እንደገና ፈታችሁ አስተካክሉ። ዛሬ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት፣ ለአርሶ አደሩ የአንድ ሲሊንደር ዋጋ ሊያድንለት ይችላል።